ነጭ ላይ ነጭ

እሾህ ይሏታል። ስሟ ሌላ ነው፣ ግን ማን ይጠራበታል! ቤተሰቡ ይህን ቅጽል ያወጣላት ገና በልጅነቷ ነው፤ አንዴ ከገባች አትወጣማ። የነካትን ሰው፣ የነካበትን ቀን፣ ያን ቀን የለበሰውን ሸሚዝ ሳይቀር ታስታውሳለች። አክስቷ «ይቺ ልጅ ቂምን እንደ ክት ልብስ አጣጥፋ ነው የምታስቀምጠው» ትላለች። እሾህም ይህን ስትሰማ አትቆጣም፤ እንዲያውም ደስ ይላታል።

ሥራዋ ድረ ገጽ መሥራት ነው። ለነዚያ ስማቸው ለገነነ ድርጅቶች እንዳይመስላችሁ፤ ለጥርስ ሐኪም፣ ለፀጉር ቤት፣ ለጎማ ሻጭ ነው። እነዚህ ሰዎች ኤችቲኤምኤል የሚባለውን፣ ያን ድረ ገጽ የሚጻፍበትን የኮምፒውተር ቋንቋ አያውቁም። ለምንስ ይወቁ? ጥርስ ነቃይ ጥርሱን ይንቀል። ችግሩ ዋጋ በጨመሩ፣ ሠራተኛ በቀየሩ ቁጥር «እህቴ፣ እቺን አንዲት ቃል ብቻ ቀይሪልኝ» እያሉ ቁም ስቅሏን ማሳየታቸው ነው። እሷም መላ ዘየደች። ደንበኛው የይለፍ ቃሉን አስገብቶ የራሱን ገጽ ይከፍታል። ከእያንዳንዱ ጽሑፍ አጠገብ ትንሽ የእርሳስ ምልክት አለች። እርሳሷን ሲነካት ጽሑፉ ይከፈትለታል፤ ለሰው መልእክት እንደሚልክ አድርጎ ይጽፋል፣ ይሰርዛል፤ ከላይ ከተደረደሩት ምልክቶች ፊደሉን ያደምቃል፣ ያተልቃል፣ ቀለሙን ይለውጣል። «አስቀምጥ» የሚለውን ይጫናል፤ አለቀ፣ ደቀቀ። ሕፃን ልጅ ይሠራዋል።

ሕፃን ይሠራዋል፤ ደንበኛ ግን ያበላሸዋል። የፀጉር ቤቷ ባለቤት ስልክ ቁጥሯን በገዛ እጇ አጥፍታ ሲያበቃ «ምነው ሰው አይደውልልኝም?» ብላ እሾህ ላይ ጮኸችባት። ጥርስ ሐኪሙ ከሌላ ቦታ ገልብጦ የለጠፈው ጽሑፍ ገጹን ከላይ እስከ ታች ሐምራዊ አደረገበትና «ቫይረስ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ከዚያ ወዲህ ነው እሾህ ጓጉንቸር የጨመረችው። መነካት የሌለበት ጽሑፍ ላይ ትንሽ የጓጉንቸር ምልክት ታደርግበታለች፤ ደንበኛው ያንን ቃል ሊሰርዘውም ሊለውጠውም አይችልም። «ደንበኛን ውደደው፣ መቀስ ግን አትስጠው» ማለት ትወዳለች።

አባቷ አናጢ ናቸው፤ ወንበር ነው የሚሠሩት። ዛሬ ብዙ ሠራተኛ የሚያስተዳድረውን የወንበር ቤት ያቆሙት በአንድ መጋዝና በተውሶ መዶሻ ነው። በኋላ ስኳር በሽታ ዓይናቸውን ቀስ እያለ ወሰደው። መጀመሪያ ምስማሩ ጠፋቸው፣ ቀጥሎ ጣውላው፣ በመጨረሻም የሰው ፊት። ያኔ ታላቅ ወንድሟ የቤቱን አመራር ያዘ። በመጋዝ ብናኝ መሃል ከረባት አስሮ ስለሚንጎራደድ ሠራተኞቹ «ሥራ አስኪያጁ» ይሉታል፤ ግማሹ ማክበር ነው፣ ግማሹ ማሽሟጠጥ።

ይኸውላችሁ፣ እሾህ ከዚህ ወንድሟ ጋር የቆየ ነገር አላት። ልጅ ሳለች የምትፈልገው ኮምፒውተር አልነበረም፤ መጋዝ ነበር። አንድ ወንበር ከአባቷ ተደብቃ፣ እጇን እየላጠች ሠራች። አንደኛው እግሩ ትንሽ ያጥራል እንጂ ወንበር ነበር። ወንድሟ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ተቀመጠበት፣ ወዘወዘው፣ ተነሣና በመጥረቢያ ፈለጠው። «እንግዳ ተቀምጦበት ወገቡን ከሚሰብር ኮላ እናሙቅበት» አለ። ሠራተኞቹ ሳቁ። ፍልጡም ያን ቀን ከኮላው ድስት ሥር ነደደ። ዛሬ ብትጠይቁት አንድም ነገር አያስታውስም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? እሷ የኮላው ሽታ ሳይቀር አሁን ድረስ አፍንጫዋ ውስጥ አለ።

ለአባቷ ስትል ግን የወንበር ቤቱን ድረ ገጽ ሠራች። ከገጹ ራስ ላይ ምን እንዲጻፍ እንደሚፈልጉ ስትጠይቃቸው አባትየው ጉሮሮአቸውን ጠራርገው እንዲህ አስጻፏት፦ «ይህን ቤት በአንድ መጋዝ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ዓይኔ አያይም። ነገር ግን ከዚህ ቤት እጄ ያልዳሰሰው ወንበር አይወጣም። የማይመች ወንበር ካገኛችሁ ተቆጡ፤ ስትቆጡ ግን እኔን ጥሩኝ።» አንድ ፊደል አልነካችባቸውም። እንዳለ አስገባችውና ጓጉንቸሯን አደረገችበት።

ከዚያ ወዲህ አባትየው ጠዋት ሲነቁ መጀመሪያ የሚፈልጉት ስልካቸውን ነው። ስልኩ ለማያዩ ሰዎች ገጽ የሚያነብ ድምፅ አለው። ከአልጋቸው ሳይወርዱ የራሳቸውን ቃል ያስነብቡታል፤ «ስትቆጡ ግን እኔን ጥሩኝ» ሲል ይስቃሉ፤ ከዚያ ነው እግራቸው ጫማ የሚፈልገው። ዓይኑ የጠፋበት ሰው ሁሉ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ የሆነ ይመስለዋል፤ እሳቸው ግን በየጠዋቱ ለዓለም ይናገራሉ። ይህ ነበር ያቆማቸው።

አንድ ቀን ወንድሟ ቢሮው አስጠራት።

«ስሚ እንጂ፣ ለያንዳንዷ ነጠላ ሰረዝ አንቺን ደጅ ስጠና ልኑር?» አላት።

«ማን ጥና አለህ፣ ጋሼ? ይኸው መክፈቻህ» ብላ የይለፍ ቃሉን ሰጠችው፤ አጠገቡ ተቀምጣም አሳየችው። እርሳሷን እዚህ ንካ፣ እዚህ ጻፍ፣ አስቀምጥ። ፈጥኖ ገባው፤ መቼም ሰውየው ሰነፍ አይደለም።

«ይሄ ጓጉንቸርስ?»

«የአባባ ቃል ነው። እሱ አይነካም።»

«ቤቱን የማስተዳድረው እኔ አይደለሁ እንዴ? እንዴት ነው የራሴ ገጽ ላይ የሚቆለፍብኝ?»

«ሁሉንም ከፍቼልሃለሁ። ይቺን አንዷን ግን ሞቼ እገኛለሁ።»

ሳቅ አለና «እሺ እሾሄ፣ እሺ» አላት፤ ትከሻዋንም መታ መታ አደረጋት። ያቺን ትከሻ መምታት ቤቷ ድረስ ይዛት ሄደች።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። ጎማ ሻጩ «ምን ዓይነት ገጽ ነው የምትሠሪልኝ?» ሲላት ለናሙና ልታሳየው የወንበር ቤቱን ገጽ ከፈተችለት። ከገጹ ራስ ላይ ባዶ ነው። ሥዕል የለ፣ ቃል የለ፣ ሰፊ ነጭ ቦታ ብቻ። ጎማ ሻጩ «ይሄን ያህል ቦታ ለምን ባከነ?» አላት። እሷ አልሰማችውም። ማውዙን ባዶው ላይ አድርጋ ጎተተችው፤ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ሰማያዊ ጥላ እየለበሱ ወጡ። «ይህን ቤት በአንድ መጋዝ የጀመርኩት እኔ ነኝ…» ቃሉ አንዲት ነጥብ አልጎደለበትም። ነጭ ገጽ ላይ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ነው!

«ውይ እኔን! ቃሉን ቆልፌ ቀለሙን ረሳሁት!» ብላ ግንባሯን መታች። ጎማ ሻጩ ደነገጠና ውሃ ሊያመጣላት ተነሣ።

አያችሁ፣ መሰረዝ አልቻለም፤ መለወጥ አልቻለም፤ ቀለም መቀየሪያዋን ግን ክፍት አገኛት። ደሟ ፈላ። አንጀቷ አረረ። የኮላው ድስት ትዝ አላት፤ ያ ሁሉ ሰው ሲስቅ ትዝ አላት። የሚገርመው ደግሞ አባትየው አለማወቃቸው ነው። ስልክ ለቀለም ደንታ የለውም፤ ጥቁር ይሁን ነጭ የተጻፈውን ያነባል። ጠዋት ጠዋት እንደ ወትሯቸው ይሰማሉ፣ ይስቃሉ፣ ጫማቸውን ያጠልቃሉ። የሚሰማቸው አልነበረም እንጂ።

መልሶ ማጥቆር አንዴ መንካት ነው። ጣቷም ሄዳ ነበር። ግን ልክ በዚያው ሰሞን አክስቷ ደውላ ወሬ አቀብላት ነበር፦ ወንድሟ አዲስ የወንበር ማሳያ አዳራሽ ሊያስመርቅ ነው፤ በዚያው ቀን ጠበቃ ጠርቶ አባትየው ቤቱን ከነመሣሪያው፣ ከነስሙ፣ በፊርማቸው ሊያወርሱት ነው። «እሱ ነው የደከመበት፣ ምን ይደረግ» ብለዋል አሉ።

እሾህ ጣቷን ሰበሰበች። «አሁን ባጠቁረው ‘ተሳስቼ ነው፣ እኔ ኮምፒውተር መች አውቃለሁ’ ይላል። አባባም ያምኑታል። ይፈርሙለታል። የለም፣ የለም፤ ሰው በተሰበሰበበት እጅ ከፍንጅ ነው የምይዘው» አለች። ያን ቀን ምሳዋን በደንብ በላች።

መጠበቁ ግን እንዳሰበችው ቀላል አልሆነም። አንድ ከሰዓት አባቷን ልትጠይቅ ሄዳ አጠገባቸው ተቀምጣ ሳለ የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ መጣ፤ የአባትየውን የስኳር መድኃኒት ራሱ የሚያደርስ ጨዋ ሰው ነው። አባትየው የአንዱን ወንበር መደገፊያ እየዳሰሱ «ገጼን አይተኸው ታውቃለህ? ከላይ ያለው የኔ ቃል ነው። እስቲ አሁን ክፈትና አንብበው» አሉት። ሰውየው ስልኩን አወጣ። ከፈተ። ወደ ላይ ገፋ፣ ወደ ታች ገፋ፣ እንደገና ወደ ላይ። ግራ ገብቶት ቀና ሲል እሾህ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ዝም በል» አለችው።

«እ… አየሁት» አለ ሰውየው። «በጣም ጥሩ ነው።»

«የቱ ጋ ደስ አለህ?» አሉ አባትየው፤ ፊታቸው በርቷል።

«ሁሉም… ሁሉም ደስ ይላል» ብሎ መድኃኒቱን አስቀምጦ ሹልክ አለ። እሾህ የአባቷን ፊት ማየት አቃታት። «ሆድ ይፍጀው፣ ትንሽ ቀን ነው የቀረው» ብላ ዋጠችው።

የምረቃው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠች። ከአባቷ ቃል ሥር አዲስ የጽሑፍ ሣጥን ከፈተች። ሻይዋን እየጠጣች ጻፈች፣ አነበበች፣ አንዲት ቃል ቀየረች። ከዚያ የቀለም ምልክቱን ነካችና ከተደረደሩት መካከል ነጩን መረጠች። የጻፈችው ሁሉ ከዓይኗ ሥር ጠፋ። ወንድሟ ገጹን ሺህ ጊዜ ቢከፍተው የሚያየው ያንኑ የራሱን ባዶ ነው። አክስቷ እንደነገረቻት ነገ አባቷን ገና በማለዳ ነው የሚያጣድፏቸው፤ ገጻቸውን አልጋቸው ላይ መስማት አይደርሳቸውም፣ አዳራሹ ውስጥ ከፊርማው በፊት እሷ ታስታውሳቸዋለች። ሳቋ አመለጣት፤ ሻዩ በአፍንጫዋ ሊወጣ ምንም አልቀረው። ለመጨረሻ ጊዜ እንዲያ ከልቧ የሳቀችበትን ቀን እንጃ።

በማግስቱ አዲሱ አዳራሽ ሰው ሞላ። ቫርኒሹ ገና ይሸታል። ወንበሮቹ እንደ ሙሽራ ተወልውለው ተደርድረዋል። ወንድሟ ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን ሰቅሎ የቤቱን ድረ ገጽ አብርቶበታል፤ በትልቁ ሲታይ ባዶው ነጭ ቦታ የቤት በር ያህላል። አክስትየው እሾህን ገና ከበሩ ስታያት «አንቺ ደግሞ ዛሬ እንዴት አምሮብሻል! ማንን ልትወጊ ነው?» አለቻት። «ቆይ፣ ታያለሽ» አለቻት እሾህ።

ወንድሟ ተናገረ። አመሰገነ፤ ስለ ዕድገት፣ ስለ ዘመናዊ አሠራር፣ ስለ ራዕይ አወራ። ቀቢው፣ ማለትም ቫርኒሽ የሚቀባውና ከአባትየው ጋር ያረጀው ሠራተኛ፣ ቆሞ ያዛጋል። ጠበቃው ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን ዘረጋ። ወንድሟ የአባቱን ክንድ ይዞ አስቀመጣቸውና ብዕር እጃቸው ላይ አደረገ።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ አባትየው። «ከመፈረሜ በፊት ገጼን ልስማ። ዛሬ ጠዋት በጥድፊያ አልሰማሁትም።»

ወንድሟ ቀለሙ ተለወጠ። «አባባ፣ ኋላ ይሰሙታል። እንግዶቹ ቆመዋል።»

«ወንበር ቤት መጥቶ የሚቆም ሰው የራሱ ጥፋት ነው» አሉ። ሰው ሳቀ። ስልካቸውን አወጡ፤ ድምፁንም እስከ ጥግ ከፍ አደረጉት። «እንደውም ሁላችሁም አብራችሁኝ ተከታተሉ፤ ያው ግድግዳው ላይ አለ አይደል?»

ስልኩ ማንበብ ጀመረ። «ይህን ቤት በአንድ መጋዝ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ዓይኔ አያይም…» የሰው ዓይን ሁሉ ግድግዳው ላይ ነው። ነጭ ነው። አንዱ አንገቱን አሰገገ፣ አንዷ መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች። ሹክሹክታ ተነሣ። አባትየው ሹክሹክታውን አድናቆት መሰላቸውና ፈገግ አሉ። ስልኩ «ስትቆጡ ግን እኔን ጥሩኝ» አለ። እሳቸው ሊያጠፉት ሲሉ ድምፁ ቀጠለ፦

«አባባ፣ ይህን ቃል የሚሰሙት እርስዎ ብቻ ነዎት። ልጅዎ በነጭ ቀለም ቀብቶታል፤ ሰው አያየውም። ገጹን የሚከፍት ሁሉ የሚያየው ባዶ ነው። የቀባው እጅ ዛሬ ብዕር ያቀብልዎታል። ከመፈረምዎ በፊት ይወቁት።»

እሾህ የምታየው የወንድሟን ፊት ብቻ ነው። መጀመሪያ ወደ ስክሪኑ ዞረ፤ ያ የሚያውቀው ባዶ እንዴት አፍ አወጣ? ከዚያ ወደ ስልኩ፣ ከዚያ ወደ ሕዝቡ። ከረባቱን ላላ አደረገ። አየችው፤ ጠግባ አየችው።

«እውነት ነው?» አሉ አባትየው። ድምፃቸው አልጨመረም።

«አባባ፣ ላስረዳዎት…»

«አስረዳ።»

«ሰው እኮ ሳቀብን! አንድ ትልቅ ሆቴል ትእዛዙን የሰረዘው ያን ካነበበ በኋላ ነው። ‘ወንበሩን ዕውር ነው የሚመረምረው’ ብለው ተሳለቁብኝ። ልሰርዘው አልቻልኩም፣ ይቺ ቆልፋዋለች። ቀለሙን ቀየርኩት። እርስዎ ይሰሙታል፣ እነሱ አያዩትም። ማን ተጎዳ ብዬ ነው?»

«ማን ተጎዳ» አሉ አባትየው፤ ጥያቄ አይመስልም። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ተንከባለለና ወለሉ ላይ ወደቀ። «ጠበቃ፣ ወረቀትህን ሰብስብ። ዛሬም ነገም የምፈርመው ነገር የለኝም።»

እሾህ ደስ አላት። እግዜር ይቅር ይበላት፣ ደስ አላት! ቅቤ የጠጣች ያህል አንጀቷ ራሰ። ያ ፍልጥ፣ ያ ሳቅ፣ ያ ትከሻ መምታት፣ ሁሉም ዛሬ ተከፈለ። አክስትየው «አቤት አቤት፣ ጉድ!» እያለች ጉንጯን ይዛለች።

«ያን የታችኛውን የጻፈው ማነው?» አሉ አባትየው።

«እኔ ነኝ፣ አባባ» አለች ወደ ፊት ወጥታ።

«ጎበዝ። መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ቆይቷል።»

«የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ የመጣ ቀን ታውቂ ነበር?»

የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ከእንግዶቹ መሃል ቆሟል፤ ጫማውን ይመለከታል። መዋሸት ትችል ነበር። «አውቅ ነበር» አለች።

«‘አየሁት፣ በጣም ጥሩ ነው’ ያለኝ ምኑን አይቶ ነው?»

እሾህ ያን ቀን ከንፈሯ ላይ ያደረገቻትን ጣት በመዳፏ ሸሸገች።

«ነጩን መልሶ ለማጥቆር ምን ያህል ሥራ ነው?»

«ሥራ የለውም። አንዴ መንካት ነው።»

«አንዴ መንካት» አሉ አባትየው፤ እጃቸው የወንበሩን ክንድ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ይዳስሳል። «እኔ በየጠዋቱ አልጋዬ ላይ ሆኜ ለባዶ ግድግዳ ስፎክር፣ የሚሰማኝ ያለ መስሎኝ ስስቅ፣ አንቺ ዛሬን ትጠብቂ ነበር።»

«እንዳይፈርሙለት ብዬ ነው!»

«ደውለሽ ‘አባባ፣ አይፈርሙ’ ብትይኝስ?»

እሾህ መልሱን ታውቀዋለች። የወንድሟን ፊት በሰው መሃል ማየት ፈልጋ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለም።

«ስትጽፊው ያስቅሽ ነበር?» አሉ ቀስ ብለው።

የእሾህ ዓይን እንባ ሞላ። «ስቄ ነበር፣ አባባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ «ኮምፒውተሩ እዚህ አለ አይደል? ክፈቺው» አሏት። የወንድሟ ኮምፒውተር ስክሪኑ ሥር ነበር። ተቀመጠች፣ የራሷን የይለፍ ቃል አስገባች። ጥቁር ልታደርገው ነው፤ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ ትልቅ አድርጋ፣ አድምቃ። እጇ ወደ ቀለሙ ሄደ።

«አጥፊው» አሉ አባትየው።

«ምኑን? የኔን?»

«ያንቺንም። የኔንም።»

«አባባ፣ የእርስዎ ተቆልፏል።»

«ማን ቆለፈው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው አንቺ ክፈቺው።»

ወንድሟ «አባባ፣ ተዉ! አጠቁረዋለሁ፣ በኔ እጅ አጠቁረዋለሁ!» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። አባትየው ፊታቸውን ወደ እሱ አላዞሩም። እሾህ ጓጉንቸሩን ነካችው፤ ተከፈተ። ሁለቱንም ጽሑፍ መርጣ «አጥፋ» የሚለውን ነካች። ግድግዳው ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ለደንበኞቿ ብላ ራሷ የጻፈችው ጥያቄ ብቅ አለ፦ «እርግጠኛ ነዎት? ከጠፋ አይመለስም።»

«ምን ይላል?» አሉ አባትየው።

«እርግጠኛ ነዎት ወይ ይላል።»

«ነኝ በይው።»

ነካችው። ግድግዳው ላይ ምንም ለውጥ አልታየም፤ ነጩ ነጭ እንደሆነ ነው። አባትየው ግን ስልካቸውን አንሥተው ገጹን እንደገና አስነበቡት። ድምፁ የቤቱን ስም አለ፣ የወንበሮቹን ዓይነት ዘረዘረ፣ ስልክ ቁጥሩን አለ፣ «ያግኙን» አለ፣ ዝም አለ።

«አሁን ገና ሰው የሚያየውን አየሁ» አሉና ተነሡ።

እሾህ ሮጣ በቀኛቸው ክንዷን ዘረጋች። ወንድሟም በግራቸው ዘረጋ። አባትየው እጃቸውን አየር ላይ እያንሳፈፉ መጀመሪያ የልብስ ጨርቅ ነኩ፤ የማን እንደሆነ አወቁና ለቀቁት። ሌላውንም ነኩ፣ ለቀቁት። ከዚያ «ቀቢው የት አለ?» አሉ። ቀቢው በቫርኒሽ የጠቆረ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ቀረበ። ክንዱን ያዙና ወጡ።